ኢጃዛ እና የብቃት ምስክር ወረቀት፦ በሥራ ላይ የሚገኝ ዕውቀት በእስልምና ትምህርት ታሪክና በዛሬዋ አዲስ አበባ

መግቢያ

አንድ ሰው ዐዋቂ ነው የሚባለው በማን ምስክርነት ነው? ያስተማረው መምህር ሲመሰክርለት ነው? ፈተና ሲያልፍ ነው? ወይስ የእጁ ሥራ ራሱ ይመሰክርለታል? ይህ ጥያቄ ዛሬ በሀገራችን በሁለት ቦታ በአንድ ጊዜ ይነሣል። በአንድ በኩል የሥልጠና ጉዳይ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች፣ በጋራዥና በግንባታ ቦታ የተገኘ ሙያ እንዴት ተመዝኖ ዕውቅና እንደሚሰጠው ይመክራሉ። በሌላ በኩል ልጅነቱንና ጉርምስናውን በሐልቃ ያሳለፈ ደረሳ በእጁ ምን ይዞ ወደ ኑሮ እንደሚወጣ ወላጆችና ኡስታዞች ይጨነቃሉ።

ሁለቱ ጉዳዮች ብዙውን ጊዜ ለየብቻቸው ይታያሉ፤ አንዱ የመንግሥት፣ ሌላው የመስጂድ ተደርጎ ይተዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱ ከአንድ ሥር የበቀሉ መሆናቸውን በታሪክ ማስረጃ ማሳየት ነው። የእስልምና ሊቃውንት የዕውቀትንም የሙያንም ምስክርነት በጥንቃቄ ያደራጁ ነበሩ፤ ባደራጁት ሥርዓት ውስጥ የገባውንም ብልሽት ራሳቸው አይተው ጽፈውበታል። ከዚያ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት በመካኒሳ፣ በጀሞ፣ በለቡና በጎፋ ለሚያስተምር ኡስታዝና ለሚያሰግድ ኢማም የዛሬ ሥራው ጉዳይ ነው።

ዒልምና የእጅ ሙያ በአንድ ሰው ላይ

ቁርኣን ስለ ነቢያት ሲተርክ ሙያቸውንም አብሮ ያነሣል። ኑሕ (ዐ.ሰ.) መርከብን በመለኮታዊ መሪነት ሠሩ፤ ለዳውድ (ዐ.ሰ.) ብረት ገርቶላቸው የጦር ልብስ መሥራትን ተማሩ። በሐዲሥም ዳውድ ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር፣ ዘከሪያም አናጢ እንደነበሩ ተዘግቧል። ስለዚህ የእጅ ሥራ ለዕውቀት ሰው አይመጥንም የሚል አስተሳሰብ ከሃይማኖቱ ምንጭ የተቀዳ አይደለም።

ቀደምት ዑለማም በዚሁ መንገድ ኖረዋል። ኢማም አቡ ሐኒፋ በኩፋ የሐር ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። የሊቃውንቱን የማዕረግ ስም ስንመለከት ደግሞ የገበያውን ሰልፍ የምናይ ይመስለናል፤ አል-ኸሷፍ ጫማ ሰፊ፣ አል-ጀሷስ የኖራ ሠራተኛ፣ አል-በዛዝ ጨርቅ ሻጭ፣ አል-ሐዳድ ብረት ሠሪ ማለት ነው። ስሙ ለአንዳንዱ የራሱ፣ ለአንዳንዱ የአባቶቹ ሙያ ነበር። በሻፊዒይ መዝሀብ ስማቸው የገነነው አል-ቀፋል አል-መርወዚ (የሞቱት በ417 ዓ.ሂ. ነው) የቁልፍ ሠሪነት ሙያቸውን የተካኑ ሰው ነበሩ፤ ወደ ፊቅህ ትምህርት የዞሩት ሠላሳ ዓመት ገደማ ከሆናቸው በኋላ ነው። ዕድሜያቸውም ሙያቸውም ከሐልቃ አላገዳቸውም። የዕውቀት ደጅ በሥራ ላይ ላለ ጎልማሳ ክፍት ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ታሪኩን በውዳሴ ብቻ ማለፍ ለተማሪዎቻችን አይጠቅምም። በሀገራችን ሐልቃዎች የሚቀራው የኢማም አን-ነወዊ «ሚንሃጅ» በኒካሕ ምዕራፉ ስለ ከፋአ፣ ማለትም ስለ ጋብቻ አቻነት ሲያትት ሙያዎችን በደረጃ ያስቀምጣል። ጠራጊው፣ ዋግምት አውጪው፣ ዘበኛውና እረኛው ለልብስ ሰፊ ልጅ፣ ልብስ ሰፊው ለነጋዴ ልጅ፣ እነዚህም ለዓሊም ወይም ለቃዲ ልጅ አቻ ተደርገው አይቆጠሩም። በኋላ የመጡ ሊቃውንት ይህ ደረጃ በየአገሩ ልማድ እንደሚወሰን አስረድተዋል። ነገሩ ግን ልብ ሊባል ይገባል። ደረሳው ይህን ምዕራፍ ሲቀራ ልማድንና ሕግን ለይቶ የሚያሳየው መምህር ካላገኘ፣ የሸማኔና የቀጥቃጭ ንቀት ከሃይማኖት የመጣ መስሎት ይወጣል። በአገራችን ደግሞ ይህ ንቀት ብዙ ጉዳት አድርሷል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት በሽታው ሥር የሰደደ ስለነበረ ነው። እኛ ሙስሊሞችም ከዚህ በሽታ ነፃ ነበርን ማለት አይቻልም።

ኢጃዛ ምን ይመሰክር ነበር?

ኢጃዛ ከቃሉ እንደምንረዳው ፈቃድ ነው። መምህሩ ለተማሪው «ይህን ኪታብ ከእኔ ቀርተሃል፤ ለሌላው ልታስቀራው ትችላለህ» የሚልበት ምስክርነት ነው። በውስጡ ሦስት ነገር ይገኛል፤ ማን አስተማረ፣ ምን ተማረ፣ ምን ተፈቀደለት። ፈቃዱን የሚሰጠው ተቋም ሳይሆን ሰው ነበር። በባግዳድ የተመሠረተችውና በ459 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. በ1067) የተከፈተችው ኒዛሚያ መድረሳ ስሟ ዓለምን ቢያዳርስም፣ በዚያ ዘመን የአንድ ዓሊም ክብር የሚመዘነው በመድረሳው ስም ሳይሆን ከየትኛው ሸኽ እንደቀራ በሚያሳየው ሰነድ ነበር።

ጆርጅ መቅዲሲ የተባሉት የታሪክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ስለ መድረሳዎች አነሣሥ በሚያወሳ መጽሐፋቸው፣ በመካከለኛው ዘመን የአውሮጳ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጡት የነበረው የማስተማር ፈቃድ ከኢጃዛ ጋር ዝምድና እንዳለው ተከራክረዋል። ሐሳባቸውን የተቀበሉም የተቃወሙም አሉ። ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመን ግን ሁለቱ የሚለያዩበት ነጥብ ነው። በአውሮጳ ፈቃዱ በጊዜ ብዛት የተቋም ማኅተም ሆነ፤ በእስልምናው ዓለም ደግሞ ለረጅም ዘመን የሰው ለሰው አደራ ሆኖ ቆየ።

የሰው ለሰው አደራ መሆኑ ጥንካሬው ነበር፤ ድክመቱም ከዚያው ይመነጫል። መምህሩ ተማሪውን ቀርቦ ስለሚያውቀው ምስክርነቱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን መምህሩ ሲለሳለስ የሚያርመው አካል የለም። ኢጃዛ በጊዜ ሂደት አንዳንዴ ትምህርት ሳይኖር የሚሰጥ የክብር ስጦታ ሆነ፤ ለሕፃናት፣ ከዚያም አልፎ ገና ላልተወለዱ ልጆች ይሰጥ ጀመር። አል-ኸጢብ አል-ባግዳዲ (የሞቱት በ463 ዓ.ሂ. ነው) ማንነቱ ላልታወቀና ገና ላልተወለደ ሰው ኢጃዛ ስለመስጠት ራሱን የቻለ ጽሑፍ እስከማዘጋጀት ደርሰዋል። እርግጥ ነው፣ እንዲህ ያለው ኢጃዛ የሐዲሥን ሰነድ ለማስቀጠል ታስቦ የተሰጠ ስለሆነ ከማስተማር ፈቃድ ጋር አንድ አይደለም። ቢሆንም ወረቀቱ ከዕውቀቱ ተለይቶ መጓዝ እንደሚችል ያሳያል። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ላይ የሚሰማው ቅሬታ አዲስ አይደለም።

ኢብን ኸልዱን እ.ኤ.አ. በ1377 በጻፉት «ሙቀዲማ» ለዚህ በሽታ መድኃኒቱን በጥልቀት መርምረዋል። እርሳቸው እንደሚያስረዱት ማስተማርና መማር ራሱ ከሙያዎች አንዱ ነው፤ ሙያ ሁሉ ደግሞ መምህር ይፈልጋል። የሙያ ፍጻሜ መለካ ይባላል። መለካ ማለት አንድን ነገር በመደጋገም ከመሥራት የተነሣ በነፍስ ውስጥ ሥር የሰደደ ችሎታ ነው። በቃል መያዝ መለካ አይደለም፤ መረዳት ብቻውንም መለካ አይደለም። ከዚህ ተነሥተው በዘመናቸው የነበረውን የመግሪብ ትምህርት ይተቻሉ። በዚያ ተማሪው በመድረሳ የሚቀመጥበት ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆን በቱኒስ አምስት ዓመት ነበር። የመግሪቡ ተማሪ ዕድሜውን ዝም ብሎ በማዳመጥና በመሸምደድ ያሳልፍና በመጨረሻ መናገርና መከራከር ያቅተዋል ይላሉ። ለመለካ ቅርቡ መንገድ አንደበትን በውይይትና በክርክር ማሠራት እንደሆነም ይመክራሉ። ዛሬ የሥልጠና ባለሙያዎች «ብቃት» የሚሉት ቃል ከመለካ እምብዛም የራቀ አይደለም።

የባግዳዱ ምዘና

በሥራ ላይ የተገኘ ሙያ በመንግሥት ትእዛዝ የተመዘነበት ጥንታዊ ምሳሌ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ይገኛል። በ319 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. በ931) በባግዳድ አንድ ሰው በሐኪም ስሕተት ሞተ። ኸሊፋው አል-ሙቅተዲር ሲናን ኢብን ሣቢት የተባሉት ታላቅ ሐኪም ሳይፈትኑት ማንም እንዳያክም አዘዙ። ኢብን አቢ ኡሰይቢዓ እንደዘገቡት በከተማይቱ ለፈተና የቀረቡት ከስምንት መቶ ስድሳ በላይ ነበሩ። ስማቸው የታወቀውና የቤተ መንግሥት ሐኪሞች ግን ፈተናው አልደረሰባቸውም።

ከዘገባው ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ታሪክ በተለይ ያስተምራል። ሽማግሌው ጥሩ ለብሰው፣ ግርማ ተላብሰው ቀረቡ፤ ሲናንም አክብረው አስቀመጧቸው። ተራቸው ሲደርስና ስለ መምህራቸው ሲጠየቁ፣ ሽማግሌው ገንዘብ አውጥተው ፊታቸው አኖሩና ማንበብም መጻፍም ደኅና አድርገው እንደማይችሉ፣ ነገር ግን የሚያስተዳድሩት ቤተሰብ እንዳላቸው፣ እንጀራቸውንም እንዳይቆርጡባቸው ለመኑ። ሲናን ሳቁና ፈቀዱላቸው፤ ግን በገደብ ፈቀዱላቸው። የማያውቁትን በሽታ እንዳይነኩ፣ ለቀላል ሕመም ካልሆነ በቀር ደም ማውጣትንና ጠንካራ የሚያስቀምጥ መድኃኒትን እንዳያዝዙ አስጠነቀቋቸው። ሽማግሌውም ድሮም ሥራቸው ከዚያ ያላለፈ መሆኑን ተናገሩ። በማግስቱ አንድ ወጣት ሊፈተን መጣ። መምህሩ ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ከእኚሁ ሽማግሌ መማሩን ተናገረ። ሲናን ፈገግ ብለው በዚያው ገደብ እንዲሠራ ፈቀዱለት።

ታሪኩ ያስቃል፤ ግን ሦስት ቁም ነገር ይዟል። አንደኛ፣ ማንበብ አለመቻል ሙያ አለመቻል ተደርጎ አልተቆጠረም። ሁለተኛ፣ ዕውቅናው በጅምላ አልተሰጠም፤ ችሎታው እስከሚደርስበት ድረስ ብቻ ተለክቶ ተሰጠ። ሦስተኛ፣ የመምህሩ ገደብ ለተማሪውም ገደብ ሆነ፤ ማንም ካልተማረው በላይ ማስተማር አይችልምና። በተቃራኒው የሚያሳስብም ነገር አለበት። በፈታኙ ፊት ገንዘብ መቅረቡ ምዘና ባለበት ሁሉ ጉቦ ደጅ እንደሚጠና ይነግረናል።

በስድስተኛው የሂጅራ ምዕተ ዓመት የኖሩት አሽ-ሸይዘሪ ስለ ሒስባ በጻፉት መጽሐፍ ይኸው አሠራር ለገበያው ሁሉ ተዘርግቶ እናገኘዋለን። የገበያ ተቆጣጣሪው ሁሉንም ሙያ ማወቅ ስለማይችል፣ ከየሙያው ታማኝና ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ ዐሪፍ እንዲሾም ይመክራሉ። ዐሪፍ ከባለሙያዎቹ መካከል የወጣ፣ የሥራውን ጥበብም የማጭበርበሪያውን ዘዴም የሚያውቅ ሰው ነው። ሙያን የሚመዝነው ባለሙያ ነው የሚለው መርሕ እንግዲህ ከውጭ የመጣ አይደለም።

ከጀበርት እስከ ካይሮ

በአል-አዝሀር ጀበርት ተብሎ ከሚጠራው የአገራችን ምሥራቃዊ ምድር ለሚሄዱ ተማሪዎች የተለየ ሪዋቅ፣ ማለትም የመኖሪያና የመማሪያ ክፍል ነበራቸው። ከዚያ ወገን የወጣው የአል-ጀበርቲ ቤተሰብ የሪዋቁን ሸኽነት ለብዙ ትውልድ ይዞ ቆይቷል። ዓለም ይበልጥ የሚያውቀው የታሪክ ጸሐፊውን ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲን (እ.ኤ.አ. 1753–1825) ቢሆንም፣ ለእኛ ርእስ ይበልጥ የሚስማሙት አባታቸው ሐሰን አል-ጀበርቲ ናቸው፤ የሞቱት በ1188 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. በ1774) ነው።

ሸኽ ሐሰን የሐነፊይ ፊቅህ ሊቅ ሲሆኑ በሒሳብ፣ በሥነ ፈለክ፣ በጂኦሜትሪና በመሣሪያ ሥራም የተካኑ ነበሩ። ልጃቸው እንደጻፉት በ1159 ዓ.ሂ. ከፈረንጆች አገር የመጡ ተማሪዎች ጂኦሜትሪን ከእርሳቸው ተምረው ተመልሰዋል፤ በአገራቸውም ዕውቀቱን ከሐሳብ ወደ ተግባር አውጥተው ለነፋስ ወፍጮ፣ ለከባድ ዕቃ መጎተቻና ለውኃ ማውጫ አዋሉት። በ1172 ዓ.ሂ. ደግሞ በካይሮ ገበያ ሚዛንና መስፈሪያ በተዛባ ጊዜ ሸኽ ሐሰን ብረት ሠሪዎችንና መዛኞችን ሰብስበው ልኩን አስተካከሉ። የፊቅህ ሊቅና ብረት ቀጥቃጭ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሠሩት ሥራ ነው። የሚዛን ፍትሕ የሃይማኖት ጉዳይ ነውና ሸኹ ከዒልማቸው የወጡ አልመሰላቸውም።

ልጃቸው ይህን ሲጽፉ ኩራት ብቻ አልነበረም የተሰማቸው። ዕውቀቱ ከሐሳብ ወደ ተግባር የወጣው በእንግዶቹ አገር መሆኑን መመዝገባቸው ራሱ ቁጭት ያዘለ ነው።

ሐልቃ፣ ሸማና ንግድ በሀገራችን

በኢትዮጵያ ሙስሊሞች ታሪክ ሙያ በፍላጎት ብቻ የተመረጠ አልነበረም። በክርስቲያናዊው መንግሥት ሙስሊሙ የርስት መሬት ባለቤት እንዳይሆን ስለተከለከለ ወደ ንግድና ወደ ሽመና አዘነበለ። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የጎንደር ሙስሊሞች ተለይተው እንዲሰፍሩ ከተወሰነ በኋላ፣ አዲስ ዓለም የተባለው ሰፈር የነጋዴዎችና የሸማኔዎች መንደር ሆኖ ታወቀ። የአርጎባ ሸማኔዎችና የሐረር መጽሐፍ ጠራዦችም የዚሁ ታሪክ አካል ናቸው። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ፣ ከአጎት ወደ የወንድም ልጅ፣ ያለ ወረቀት ይተላለፍ ነበር።

ሐልቃውም በዚያው ልማድ የሚመራ ነበር። በወሎ ዳና፣ ጌታ፣ ጀማ ንጉሥና የመሳሰሉት ማዕከላት ደረሳውን ከሩቅ ይስቡ ነበር። ተማሪው አንዱን የዕውቀት ዘርፍ ከአንዱ ሸኽ፣ ሌላውን ከሌላው እየቀራ፣ ለናሕው አንድ አገር፣ ለፊቅህ ሌላ አገር፣ ለተፍሲር ደግሞ ሦስተኛ አገር ይሄዳል። ቀለቡን ሕዝቡ ይሰጠዋል፤ እርሱም በሸኹ እርሻ ያግዛል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል። የላቀው ደረሳ ጀማሪውን ያስቀራል። ማስቀራቱም ራሱ የትምህርቱ አካል ነው፤ ኪታቡን ከልቡ ማወቁ የሚፈተነው ለሌላው ሲያብራራ ነውና። ዛሬ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት የማስተማር ልምምድ የሚሉት ይህንኑ ነው። በመጨረሻም ሸኹ «አሁን አስቀራ» ሲለው ያ ቃል ኢጃዛው ነበር።

ይህ ሥርዓት ያፈራው ፍሬ አለው። በ1961 ዓ.ም. ለታተመው የመጀመሪያው የአማርኛ ቁርኣን ትርጉም ትልቁን ድርሻ የያዙት ሸኽ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅና ሐጅ ሙሐመድ ሣኒ ሐቢብ መሠረታቸው የሐልቃ ትምህርት ነበር። ሆኖም ሥርዓቱ ከመንግሥት ትምህርት ጋር የሚያገናኘው ድልድይ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1908 የምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ የኮፕት ክርስቲያኖች ነበሩ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ተግባረ እድ በ1934 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1943 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከተለ። በእነዚህ ደጆች የሚገባው በመደበኛው ትምህርት ያለፈ ብቻ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳናዎች መቶ ሺህ የሚገመት ሕዝብ የሙስሊሞችን እኩልነት ጠይቆ ሲሰለፍ፣ በመንግሥት ሥራ የመቀጠር መብት ከጥያቄዎቹ አንዱ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። በሀገሪቱ ብዙ ዐዋቂ ነበር፤ ዕውቀቱ ግን በመንግሥት መዝገብ አልተጻፈም ነበር።

መደበኛው ትምህርትና የብቃት ምዘና

ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት በሙያ ሥልጠና ላይ የመጣው ለውጥ ለእኛ ጥያቄ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ትኩረቱን ሠልጣኙ ከተቀመጠበት ዓመት ወደ ደረሰበት ብቃት አዞረ። ከዚህም የተነሣ ሙያውን በኮሌጅም ይማር በጋራዥ፣ በአጎቱ ሱቅም ይማር በግንባታ ቦታ፣ ማንኛውም ሰው ለሙያ ብቃት ምዘና ቀርቦ ካለፈ የምስክር ወረቀት ማግኘት ቻለ። ምዘናው የተግባርና የዕውቀት ክፍል አለው፤ ከመዛኞቹም ከኢንዱስትሪው የሚመጡ ባለሙያዎች አሉበት። የአሽ-ሸይዘሪን ዐሪፍ የሚያውቅ አንባቢ አዲስ ነገር አያገኝበትም።

ከዚህ ጋር ሠልጣኙ ጊዜውን በኮሌጅና በድርጅት ከፍሎ የሚማርበት የትብብር ሥልጠና ተስፋፋ። በ2014 ዓ.ም. የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲቋቋም የሙያ ሥልጠናው ከሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ወጥቶ ከሥራ ስምሪት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ዋለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ስለ ለማጅነት ውል ይደነግጋል፤ አሠሪው ለማጁ ሥልጠናውን ሲፈጽም የሠለጠነበትን ሙያና የቆየበትን ጊዜ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት እንዲሰጠው ያዛል። ይህ በሕግ የተጻፈ ኢጃዛ ነው ቢባል አይበዛም።

በዩኒቨርሲቲ በኩል ደግሞ በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ለሁሉም ተመራቂዎች ግዴታ ሲሆን፣ በመጀመሪያው ዙር ያለፉት ከተፈታኞቹ ግማሽ አልሞሉም። ውጤቱ ብዙ አነጋገረ። ኢብን ኸልዱን ከአሥራ ስድስቱ የመግሪብ ዓመታት በኋላ መናገር ስላቃተው ተማሪ ያነሡት ጉዳይ በእኛም አገር በቁጥር ተገለጠ። ረጅም ጊዜ መቀመጥ መለካን አያስገኝም።

ንፋስ ስልክ ላፍቶ፦ የታሪኩ መገናኛ

ይህ ሁሉ በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ ተሰባስቦ ይታያል። ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ከሽቦ አልባው የቴሌግራፍ ጣቢያ ነው፤ መልእክት ያለ ሽቦ በንፋስ መጓዙን ሕዝቡ በአንድ ቃል ገልጾታል። ከመሀል ከተማ ወደ ደብረ ዘይት የሚወስደው መንገድና የባቡሩ ሐዲድ ፋብሪካዎችን ወደ ደቡብ ስበው ሲያመጡ፣ አካባቢው ሥራ ፈላጊው ወጣት የሚጎርፍበት ሆነ። ኋላም የጀሞን የመሰሉ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ለብዙ ሺህ ወጣቶች የሥራ ላይ ትምህርት ቤት ሆኗል። ብሎኬት ማምረት፣ ግንበኝነት፣ ልስን፣ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ዝርጋታ በዚያ ተለምደዋል። በዚሁ ክፍለ ከተማ ንፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ይገኛል።

በአካባቢው መስጂዶች ከሚሰግዱት መካከል ከጉራጌ፣ ከስልጤና ከወሎ የመጡ ብዙ ናቸው። የጉራጌና የስልጤ ወጣት በከተማይቱ የተማረበት መንገድ የታወቀ ነው። በሊስትሮነት ይጀምራል፤ ሱቅ በደረቴ ይቀጥላል፤ ከዚያ በዘመድ ሱቅ ቆሞ ሒሳቡን፣ ሸቀጡንና የደንበኛውን ጠባይ ይማራል፤ በመጨረሻ ዘመዱ ዕቃ በዱቤ ሰጥቶ ያቋቁመዋል። ያ ዱቤ በቃል ያልተነገረ ኢጃዛ ነው፤ «ታምነሃል፣ ራስህን ችለህ ሥራ» ማለት ነው። ከወሎ የመጣው ደረሳ ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ መሰላል አያገኝም። ዐሥር ዓመት የቀራ ወጣት ከተማ ሲገባ ቁርኣን በማስቀራት የሚያገኛት ገንዘብ የቤት ኪራይ አትሸፍንም፤ ቀን የጉልበት ሥራ ይሠራል፣ ማታ ያስቀራል። ስንት ኪታብ እንደቀራ የሚያሳይ ወረቀት የለውም፤ በግንባታ ቦታ የተማረውን ግንበኝነትም የሚመሰክርለት የለም። ሁለት ዕውቀት ይዞ በሁለቱም መዝገብ ያልተጻፈ ሰው ሆኖ ይኖራል።

መንግሥትና ሃይማኖት በሕገ መንግሥቱ የተለያዩ ስለሆኑ መንግሥት የፊቅህን ትምህርት በደረጃ እንዲመዝን አይጠበቅም። ይህ ሥራ የራሳችን ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1207 ለእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ሕጋዊ ሰውነት ሰጥቷልና፣ የመድረሳዎቻችን ምስክርነት አንድ መልክ እንዲይዝ ለማድረግ የሕግ መሠረት አለ። ግንበኝነቱን በተመለከተ ግን የምዘናው በር ዛሬም ክፍት ነው፤ የጎደለው ወጣቱን እስከ በሩ የሚያደርሰው ሰው ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ለመምህራንና ለኢማሞች ሦስት ተግባራዊ ነጥቦች ይወጣሉ።

የመጀመሪያው፣ ኢጃዛን ወደ ሙሉ መልኩ መመለስ ነው። ዛሬ ብዙ መድረሳዎች በዓመቱ መጨረሻ የሚሰጡት ወረቀት የተማሪውን ስምና የመድረሳውን ማኅተም ይዞ ምን እንደተማረ ሳይናገር ይቀራል። ወረቀቱ የትኛው ኪታብ እስከ የት እንደተቀራ፣ ማን እንዳስቀራ፣ ተማሪው ማስቀራት የሚችለው ምን እንደሆነ ይጻፍበት። ገደቡንም ለመጻፍ አንፈር፤ ሲናን ለሽማግሌው የሰጡት ፈቃድ ክብር ያገኘው ገደብ ስለነበረው ነው። የኢጃዛ ዋጋ የሚጠበቀው ለማይገባው በመንፈግ ጭምር ነው።

ሁለተኛው፣ መስጂዱ በሥራ ላይ ያለውን ወጣት ወደ ምዘናው እንዲያደርስ ነው። በምዘናው የዕውቀት ክፍል ብዙ የእጅ ባለሙያ የሚሰናከለው ሥራውን ሳያውቅ ቀርቶ ሳይሆን ጥያቄውን አንብቦ መረዳት ስለሚቸግረው ነው። ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባለው ጊዜ የአማርኛ ንባብና መሠረታዊ ሒሳብ የሚያስተምር ሐልቃ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የበድር ምርኮኞች መቤዣ ያጡት ለአንሷር ልጆች ጽሕፈት በማስተማር ነፃ እንዲወጡ መደረጉን የሚያስተምር ኡስታዝ፣ ማንበብ የማይችል ግንበኛ በኋላው ሲሰግድ ዝም ሊል አይገባውም።

ሦስተኛው፣ ለማጁን የሚያሠሩ ባለ ሱቆችንና ባለ ጋራዦችን የሚመለከት ነው። የፊቅህ ሊቃውንት ልጅን ለባለሙያ ሰጥቶ ሙያ የማስተማርን ውል በኢጃራ ምዕራፍ መርምረውታል፤ ክፍያው በግልጽ ካልተነገረ ወደ አገሩ ልማድ እንዲመለስ የሐነፊይ ዑለማ ጽፈዋል። ልጁ ዓመታት ካገለገለ በኋላ ደመወዙም ምስክርነቱም ሳይሰጠው ቢሰናበት በአንድ ጊዜ ሁለት ሐቅ ተበልቶበታል። በዐረብኛ ጽሕፈት ኢጃራና ኢጃዛ የሚለያዩት በአንዲት ነጥብ ብቻ ነው። ይህን በኹጥባ ማንሣት፣ ከጀማዓው መካከል አሠሪ የሆኑትን ማሳሰብ፣ ለማጁ የሠለጠነበትን ሙያና የቆየበትን ጊዜ የሚገልጽ ወረቀት እንዲሰጠው መጠየቅ ከኢማም አደራ ውጪ አይደለም።

ሸኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ የገበያውን ሚዛን ሲያስተካክሉ ልኩ የተዛባው በመንግሥት ቸልተኝነት ነው ብለው አልተቀመጡም። የሰውን ዕውቀት የምንመዝንበት ሚዛንም ዛሬ ተዛብቷል፤ ማስተካከሉ ከእያንዳንዱ ሐልቃ ሊጀምር ይችላል። ወላሁ አዕለም።